የሞዴል ባቡር ድልድይና ዋሻ



በዚህ ዕድሜው የልጅ ባቡር ይሠራል ብሎ የሚስቅብኝ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ድልድዩና ዋሻው ያስተማሩኝን ብነግራችሁ ሳቁ ይቀንስ ይሆናል።

«ኤች ኦ» በተባለው መጠን ማናቸውም ርዝመት በ87 ይካፈላል፤ የ100 ሜትር ድልድይ 1 ሜትር ከ15 ሳንቲም ያህል ይሆናል። የምሰሶው ወርድ ስፋት በ7,569 ሲካፈል ክብደቱ ግን በ658,503 ይካፈላልና፣ የሥራው ዕቃ አንድ ዓይነት ከሆነ በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ጫና 87 ጊዜ ይቀላል። ስለዚህ ተሳስቶ የተሠራውም ይቆማል። እኔ ራሴ የአንዱን ድልድይ ሰያፍ ዘንጎች ገልብጬ ተክዬ ነበር። በእውነተኛው ድልድይ ቢሆን ለመሳብ የታሰቡት ቀጫጭን ዘንጎች ተጨምቀው በጎበጡ ነበር፤ የእኔ ባቡር ግን ዓመት ሙሉ በሰላም ተመላለሰበት። እንግዲህ አንድ አሠሪ ሞዴሉን እያሳየ «ይኸው ቆሟል» ቢላችሁ አትመኑት።

ዋሻው ግን ምሕረት የለውም። ረጅም ፉርጎ በኩርባ ሲያልፍ ወገቡ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። እኔ ስፋቱን በቀጥተኛ ሐዲድ ላይ ለክቼ ተራራውን በጀሶ ደፈንሁት፤ ባቡሩም ገብቶ ቀረ። እጅ ማስገቢያ ስላልተውሁለት የአንድ ወር ድካሜን በመዶሻ አፈረስሁት።

አሁን ጀሶ ከመለሰኔ በፊት፣ ከሁሉ በሚረዝመው ፉርጎ ወገብና ጫፍ ላይ እርሳስ አስሬ በኩርባው እገፋዋለሁ፤ ግድግዳውንም እርሳሱ ካሰመረው አንድ ጣት ያህል አርቄ አቆማለሁ። በተራራው ጀርባ ደግሞ ክንዴ የሚገባበት መስኮት አለ፤ እንግዳ ሲመጣ በዛፍ እሸፍነዋለሁ።