የጤፍ አበባና የአገር ሀብት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





ንግግራችንን በአንድ ኑዛዜ እንጀምራለን። ባለፈው ዓመት አንድ መምህራችን ትምህርታችንን ስንጨርስ ምን ለመሆን እንደምናስብ በየተራ ጠየቁን። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ አውሮፕላን ነጂ እንሆናለን ያልነው ብዙ ነን። እርሻ አጠናለሁ ያለ ግን አንድ እንኳ አልተገኘም። መምህራችንም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሐኪምና መሐንዲስ እንጀራውን ማን ሊያቀርብለት ነው?» አሉን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ነገር ግን የብዙዎቻችን ደብተርና ጫማ የተገዛው አባቶቻችን ጤፍ ሸጠው እንደ ሆነ ትዝ ባለን ጊዜ ሳቃችን ወደ ሐፍረት ተለወጠ። የዛሬው ንግግራችንም የዚያ ሐፍረት ፍሬ ነው።

በአገራችን ከሠራተኛው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በእርሻ ነው፤ ከጠቅላላው የአገር ምርትም ሲሶ ያህሉ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ አንድ ኩንታል ሲጨመር፣ ጭማሪው በጎተራ ብቻ አይቀርም። ነጋዴው ይነግደዋል፤ መኪናው ይጭነዋል፤ ወፍጮው ይፈጨዋል፤ ገበሬውም በተረፈው ገንዘብ ቆርቆሮና ልብስ ሲገዛ ፋብሪካው ሥራ ያገኛል።

የእርሻ መሻሻል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትራክተርን ነው፤ እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበር። የጤፍን ታሪክ ከተማርን በኋላ ግን ሐሳባችን ተለወጠ። አንድ የስንዴ ፍሬ በሚዛን ለመስተካከል 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል። አበባውም እንደ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ወንዴና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ ስለሚገኙ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዐይነት ጤፍ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ከገበሬው ዘር መካከል ደኅና ደኅናውን ከመምረጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ግን ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ ማዳቀል ተቻለ።

የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ሊቃውንትም በዚህ ጥበብ ሁለት ዘሮችን አዳቀሉ። አንደኛው ዱከም የተባለው ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ማኛ ደግሞ በንጣቱ ገበያን ይማርካል፣ ምርቱ ግን አነስ ያለ ነው። የሁለቱ ልጅ «ቁንጮ» ተብሎ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ተሰጠ፤ ምርትንና ንጣትንም በአንድነት ስለ ያዘ በብዙ አውራጃ ተወደደ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስገኘው ማለዳ ተነሥቶ አንዲት ትንሽ አበባ በትዕግሥት የተመለከተ ዐይን ነው።

ነገር ግን ዘር ብቻውን አገር አያበለጽግም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በየወረዳው ተሰራጭቶ ምርቱ በዝቶ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ግን፣ ወላጆቻችን እንደሚያስታውሱት፣ ከጥጋቡ የተነሣ የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ፤ ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ወዲያው ድርቅ ሆነና በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። አምና የተትረፈረፈው እህል ለዘንድሮ ረኃብ አልደረሰም፤ ምክንያቱም ጎተራው፣ መንገዱና ገበያው ከዘሩ ጋር አብረው አላደጉም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ መጀመሩ መልካም እርምጃ ነው፤ ሆኖም በዋናነት የሚያገበያየው ቡናና ሰሊጥ ስለ ሆነ ለእህሉ ገና ብዙ ሥራ ይቀራል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ! «ልጄ ተምሮ ከማረሻ ይዳንልኝ» ማለታችሁ ከፍቅር የመጣ እንደ ሆነ እናውቃለን። ድካማችሁን አይተናል፤ መሬቱም ለወንድማማች ሲካፈል እየጠበበ መሄዱን አልዘነጋንም። ነገር ግን መሬቱ ስለ ጠበበ ነው ዕውቀት የሚያስፈልገው። ስለዚህ ከማሳችሁ ጥግ አንዲት መደብ ስጡንና የተማርነውን እንሞክርባት። ብናጠፋ ገሥጹን፤ ቢሳካልን ከእኛ ጋር ደስ ይበላችሁ።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ! ሁላችን ገበሬ እንሁን አንልም። መሐንዲስ የሚሆን ጎተራና መንገድ ይሥራ፤ በባንክ የሚገባ ለገበሬው በደኅና ወለድ ማበደሪያ መንገድ ይፈልግ፤ ከመካከላችንም ጥቂቶቹ ማለዳ ተነሥተው አበባውን ይመልከቱ። መምህራችን ያን ጥያቄ ዳግመኛ ቢጠይቁን፣ በዚህ ጊዜ የሚነሣ እጅ እንደማይጠፋ ተስፋችን ነው።

ያልተዘራ አይታጨድምና፣ እነሆ ዛሬ በቃል ዘርተናል። ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልን!