በባሕር ላይ ማረፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



በከተማችን በመቀሌ አውሮፕላን ሲያርፍ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ መንደርደሪያው ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አውሮፕላኑ ሮጦ ሮጦ ቀስ ብሎ ይቆማል። ነገር ግን ማረፊያው ራሱ ቢሄድ፤ በማዕበልም ከፍ ዝቅ ቢል ምን ይደረጋል? አውሮፕላን በሚሸከም መርከብ ላይ የሚያርፍ የባሕር ኃይል አብራሪ የሚገጥመው ይህ ነው።

በ1903 ዓ.ም. ዩጂን ኢሊ የተባለ አሜሪካዊ በመርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያርፍ አውሮፕላኑን ያቆሙት ጫፍና ጫፋቸው የአሸዋ ከረጢት የታሰረባቸው ገመዶች ነበሩ። ዛሬ ገመዱ የብረት ነው፤ አውሮፕላኑም በጅራቱ በኩል ባለው መንጠቆ ይዞት በ100 ሜትር ገደማ ውስጥ ቀጥ ይላል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን፥ አብራሪው መርከቡን በነካበት ቅጽበት ሞተሩን ያበርዳል ስንል በሙሉ ኃይል ማስጮሁ ነው። መንጠቆው ገመዱን ቢስት ወዲያው ተመልሶ መነሣት አለበትና።

አገራችን እንዲህ ያለ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ሆኖም በባሕር ላይ የማረፍን ጭንቅ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አለን፤ እርሱም ካፒቴን ልዑል አባተ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይዞት የተነሣውን ቦይንግ 767 ሦስት ጠላፊዎች ያዙት፤ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉት። ነዳጁ አይበቃም ቢላቸው አላመኑትም። በመጨረሻም ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ካፒቴኑም አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ በውሃው ላይ አሳረፈው። ለእርሱ የተዘረጋለት ገመድ አልነበረም፤ ተመልሶ የሚነሣበት ሞተርም አልነበረውም። ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ፤ 50ዎቹ ተረፉ፤ ካፒቴኑም ከተረፉት አንዱ ነው።

ከሞቱት መካከል ከአደጋው ሳይሆን ከድንጋጤ የተነሣ የሞቱ ነበሩ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሚነፋው ከአውሮፕላኑ ከወጡ በኋላ ነው፤ እነርሱ ግን ውስጥ ሳሉ ስለ ነፉት ውሃው ወደ ጣሪያው አነሣቸው፤ ወደ መውጫው ጠልቀው ለመድረስም አልቻሉም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ አብራሪው ገመዱን ሳይስት ስለ መሳት አስቀድሞ ያስባል። እኛም በየክፍላችን የምንሰማው ትምህርት መቼ እንደሚፈለግ አናውቅም። የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ግን እንደ ገና ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጠንም። ስለዚህ ዛሬ በጥሞና እንስማ።