“አላውቅም” ማለት የሚችል አማካሪ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጉና ዙሪያ አርሶ አደር



ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅመዋል የሚለውን ጥያቄ በጥቅሉ ከማንሣት አንድ ሰብል ይዤ ብነሣ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። ሰብሉ ድንች ነው። ከደብረ ታቦር በጋሳይ በኩል ወደ ጉና ስትወጡ በግራም በቀኝም የምታዩት ድንች፣ ገብሱ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ክፉ ጊዜ ለብዙ ደገኛ ቤተሰብ የሚያሻግር ሰብል ነው።

ድንችን በዋናነት ሁለት በሽታዎች ይፈትኑታል። አንደኛው ባለሙያዎች “ሌት ብላይት” የሚሉት፣ በጭጋግና በዝናብ ወቅት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው ነው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት የሚረጭ መድኃኒት ጉዳቱን ይገታል። ሁለተኛው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተክሉ ገና አረንጓዴ ሳለ በድንገት ይጠወልጋል፤ ለዚህኛው የሚረጭ መድኃኒት የለም። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ማሳውን በሌላ ሰብል ማፈራረቅ፣ ከዚያ ማሳ ለዘር አለመውሰድ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ሁለቱን ያምታታ ምክር አርሶ አደሩን ለማይሠራ መድኃኒት ገንዘብ ያስወጣዋል፤ ይባስ ብሎ የታመመውን ድንች ለዘር አስቀምጦ ለጎረቤቱ እንዲሸጥ ያደርገዋል። ልምድ ያለው የልማት ሠራተኛ ግን ግንዱን ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ያንጠለጥለዋል። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ክር ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነው። ለዚህ ምርመራ ብርጭቆና ቢላዋ ይበቃል።

አሁን ስልኩን አንሥቶ ፎቶግራፍ በማንሣት በሽታውን ስለሚለየው ማሽን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በዘርፉ እጅግ የታወቀ አንድ ጥናት ከ54,000 በላይ የቅጠል ፎቶግራፎችን ተጠቅሞ 14 ሰብሎችንና 26 በሽታዎችን እንዲለይ ማሽን አሠለጠነ። ውጤቱ ከመቶ 99 በላይ ሆነ። ያው ማሽን በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶግራፎች ሲፈተን ግን ውጤቱ ወደ 31 ገደማ ወረደ። ተመራማሪዎቹ ይህን በግልጽ ጽፈውታል። የእኛ ተማሪዎች የምርምር ንድፈ ሐሳብ ሲያዘጋጁ ግን ሁልጊዜ የሚጠቅሱልን የመጀመሪያውን ቁጥር ነው! የጉና ማሳ ጭጋግ አለው፤ ጭቃ የረጨው ቅጠል አለው፤ ውርጭ የመታው ቅጠል አለው፤ ስልኩም ሌንሱ የተጫረ ሊሆን ይችላል።

በድምፅ ምክር የመስጠቱ ጉዳይ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የከፈተው 8028 ባለ ቁልፍ ስልክ ላለው ሁሉ በነጻ የሚደወልበት መስመር ነው። ባለሙያ ያጸደቀውን የተቀዳ ምክር ያሰማል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት መቋረጡን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱ ጠያቂውን አለማዳመጡ ነው፤ ቁልፍ ይነካል፣ የተዘጋጀውን ይሰማል። እንደ ዲጂታል ግሪን “ፋርመር ቻት” ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ከሰነዶች ፈልገው ለተጠየቁት ጥያቄ መልስ ያዘጋጃሉ። በእውነቱ ትልቅ እርምጃ ነው።

የኔ ሥጋት ያለው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ሊመልስ ይችላል። ዞናችን ደግሞ ለእንዲህ ያለ አማካሪ የተመቸ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወረታ ላይ ሩዝ፣ ጉና ላይ ገብስና ድንች ነው። ለአሲዳማው የፋርጣ መሬት ስንት ኩንታል ኖራ ልጨምር ብሎ ለጠየቀ ሰው ያለ አፈር ምርመራ ቁጥር የሚሰጥ አማካሪ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ በግምት እየተናገረ ነው። ግምቱ ሲስት የሚከፍለው መሐንዲሱ አይደለም፤ አንድ ቃዳ መሬት ይዞ ልጆቹን የሚያሳድገው ገበሬ ነው።

ስለዚህ አንድ ሥርዓት ሲቀርብልን የመጀመሪያው ፈተናችን ስንት ጥያቄ መለሰ የሚለው ባይሆን እመርጣለሁ። “ይህን አላውቅም፤ የቀበሌህን የልማት ሠራተኛ ጥራ” ያለው መቼ መቼ ነው? ቦታውን ሳይጠይቅ መልስ ሰጥቷልን? “ዋልካ” ሲባል ጥቁሩን ሸክላ አፈር መሆኑን፣ “አመዳይ” ሲባል ውርጭ መሆኑን ተረድቷልን? ስልኩ በባለቤቷ ኪስ ያለ፣ ዘሩን ግን ራሷ መርጣ የምታስቀምጥ ሴት በምን መንገድ ትጠይቀዋለች?

ይህን መመዘን የእኛ ሥራ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የሚመጣ አይደለም። በመጪው ክረምት የሰብል ሳይንስና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በፋርጣና በላይ ጋይንት የድንች ማሳዎች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፎቶግራፉን አንዱ ያነሣል፤ ሌላው እዚያው ብርጭቆውን ይዞ ይመረምራል፤ ገበሬው በሽታውን በራሱ አንደበት ሲገልጽ ድምፁ በፈቃዱ ይቀዳል። ቅጂው የማን ይሁን፣ ለማንስ ይሰጥ የሚለው ገና ከአርሶ አደሮቹ ጋር መነጋገር የሚገባን ጉዳይ ነው፤ በውይይቱ ጊዜ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ ቢያግዙኝ ደስ ይለኛል። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።