የእንፋሎት ባቡርና የታሪክ እውነተኛነት

በሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ሐዋሳ የባቡር ሐዲድ ያልደረሰባት ከተማ ናት። ስለ እንፋሎት ባቡር እዚህ መነጋገራችን ግን ተገቢ ነው። ያላየ ሰው ያሳዩትን ሁሉ ያምናልና፣ የታሪክን እውነት መጠበቅ የሚያስፈልገው ይልቁንም ስለ እርሱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ1940ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንፋሎቱን ይተኩ ጀመር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የጥንቱ ሎኮሞቲቭ በእርሱ ላይ ሊሄድ አይችልም።

እንግዲህ ለባቡር ወዳጆች የመታሰቢያ ጉዞ ይዘጋጅ ቢባል፣ ሎኮሞቲቩን ማደስ ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌው ሐዲድ ከተነቀለ ጉዞው የለም። በናፍጣ ሞተር ላይ ጭስ ማውጫ ተክሎ እንፋሎት ነው ማለትም ተመልካችን ማታለል ነው። ለደኅንነት ሲባል ቦይለሩ ቢለወጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ መለወጡን መደበቅ ነው። የቱ የጥንት፣ የቱ የታደሰ፣ የቱ አዲስ እንደ ሆነ በሰሌዳ ጽፎ ማስታወቅ የባለሙያ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ከቀለም ቅቡ በፊት መዝገቡ ይያዝ፤ ከሎኮሞቲቩም ጋር ሐዲዱ ይጠበቅ እላለሁ።