በእንግሊዝ አገር የነገረ ፈጅነትን ሥራ ለመማር ስለሚቀርበው ማመልከቻ የተነገረ ንግግር



«ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ምሳሌ ከአባቶች የተላለፈ ነው። ይህ ቃል በችሎት ቆሞ ለሚከራከር ሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሥራ ፈልጎ በሰው ደጅ ለሚቆም ወጣት ይልቁን ይስማማዋል። ተከራካሪው ስለ በሬው ወይም ስለ መሬቱ ይናገራል፤ ሥራ ፈላጊው ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። ስለ ራስ ሳይጨምሩና ሳያጎድሉ እውነቱን መናገር ደግሞ ከብዙ ነገር የከበደ ነው። የዛሬው ንግግር ይህን ትምህርት ከእንግሊዝ አገር በተወሰደ ምሳሌ ያስረዳል፤ ይኸውም በዚያ አገር ነገረ ፈጅ ለመሆን የሚሹ ወጣቶች ደጅ የሚጠኑበት ሥርዓት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ።

በእንግሊዝና በዌልስ የሕግ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ባሪስተር ይባላል፤ ሥራውም ይልቁንም በዳኛ ፊት ቆሞ መሟገት ነው። ሁለተኛው ሶሊሲተር ይባላል፤ በአማርኛ ነገረ ፈጅ ቢባል ይስማማዋል። ሰው ቤት ሲገዛ፥ ውል ሲዋዋል፥ ኑዛዜ ሲያደርግ ወይም ከጎረቤቱ ሲጣላ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሶሊሲተር ነው። እርሱም የባለጉዳዩን ምሥጢር ይሰማል፥ ወረቀቱን ያዘጋጃል፥ ገንዘቡንም በአደራ ይይዛል። ብዙ ሶሊሲተሮች በሽርክና የሚሠሩበት ቤት በዚህ ንግግር ሕግ ቤት ይባላል። ከሕግ ቤቶቹ አንዳንዱ በትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ነው፤ አንዳንዱ ግን በሎንዶን ተቀምጦ በሌሎች መንግሥታት ከተሞች ቅርንጫፍ አለው።

ሁለተኛ፤ ደጁ ለማን ተዘግቶ እንደ ነበረ።

በቀድሞ ዘመን ይህ ሥራ የሚለመደው በጌታው አጠገብ በመቀመጥ ነበር። በ1729 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፥ ነገረ ፈጅ ለመሆን የሚሻ ሰው አስቀድሞ በአንድ ነገረ ፈጅ ዘንድ በውል ገብቶ 5 ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ወጣቱም ወረቀት ይገለብጣል፥ መልእክት ያደርሳል፥ ጌታው ባለጉዳይን ሲያነጋግር ያዳምጣል። ይህም የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚማረው ያለ ነው። ነገር ግን ትልቅ ልዩነት ነበረ፤ የቆሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ ይማራል፥ ለእንግሊዙ ተማሪ ግን አባቱ ለጌታው ብዙ ገንዘብ ይከፍልለት ነበር፤ በአገልግሎቱም ዘመን ደመወዝ እምብዛም አያገኝም ነበር። ስለዚህ የድኃ ልጅ አእምሮው ብሩህ ቢሆንም እንኳ ደጁ በገንዘብ ተዘግቶበት ይቀር ነበር።

ለሴቶች ደግሞ ደጁ በልማድ የተዘጋ ነበር። ጉዊነዝ ቤብ የምትባል ሴት በኦክስፎርድ ሕግ ተምራ በፈተናው ከፍተኛውን ማዕርግ አገኘች፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በዚያ ዘመን ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ቀጥላም ለነገረ ፈጅነት የሚያበቃውን ፈተና ለመፈተን ለነገረ ፈጆች ማኅበር አመለከተች፤ ማኅበሩም ሴት ስለ ሆነች ማመልከቻዋን አልቀበልም አለ። እርሷም ማኅበሩን ከሰሰች። በ1843 ዓ.ም. የወጣው የነገረ ፈጆች ሕግ፥ በወንድ አነጋገር የተጻፈው ቃል ሴትንም እንደሚጨምር ያመለክት ነበርና ይህን ይዛ ተከራከረች። ዳኞቹ ግን ከጥንት ጀምሮ ሴት ነገረ ፈጅ ሆና አለመታየቷን ምክንያት አድርገው፥ የቆየውን ልማድ የሚለውጠው የሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንጂ ችሎት እንዳይደለ በመግለጽ በ1913 ዓ.ም. ይግባኟን ሳይቀበሉት ቀሩ።

ሆኖም ነገሩ በዚያ አልቆመም። በ1919 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ማንም ሰው በሴትነቱ ምክንያት ከእንዲህ ያለ ሥራ እንዳይከለከል ሕግ አወጣ። በ1922 ዓ.ም. ኬሪ ሞሪሰን የመጀመሪያይቱ ሴት ሶሊሲተር ሆና በመዝገብ ተጻፈች። ጉዊነዝ ቤብ ግን ይህን ሳታይ በ1921 ዓ.ም. ዐርፋ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ከሚሠሩት ሶሊሲተሮች ከእኩሌታው የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። እንግዴህ የተመለሰ ማመልከቻ ሁሉ የአመልካቹን ጉድለት አያሳይም፤ አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱ የደጁ ነው።

ሦስተኛ፤ የዛሬው ሥርዓት።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚለምደው ወጣት ተለማማጅ ሶሊሲተር ይባላል። የልምምዱ ዘመን 2 ዓመት ነው፤ ብዙውንም ጊዜ በ4 ተከፍሎ ተለማማጁ በየ6 ወሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል። 6 ወር የቤትና የመሬት ውል ቢማር፥ 6 ወር ደግሞ የክርክርን ሥራ ይማራል። ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉ አንድ የሆነ አዲስ ፈተና ተደንግጓል። የመጀመሪያው ክፍል 360 ጥያቄ አለው፤ ተፈታኙም ከቀረቡት መልሶች ትክክለኛውን ይመርጣል። ሁለተኛው ክፍል በጽሕፈትና በቃል 16 ሥራ ሠርቶ ማሳየት ነው። በዚሁ በአዲሱ ሥርዓት የ2 ዓመቱ ልምምድ እስከ 4 በሚደርሱ ቤቶች ተከፍሎ ሊፈጸም ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፥ ደመወዝ እየተቀበለ 6 ዓመት ያህል ሠርቶና ተምሮ ሶሊሲተር የሚሆንበት መንገድ ለወጣቶች ተከፍቷል።

ትላልቆቹ ሕግ ቤቶች ተለማማጆቻቸውን የሚመርጡት ልምምዱ ከሚጀመርበት ጊዜ 2 ዓመት ያህል አስቀድመው ነው። ለተመረጠውም የትምህርቱንና የፈተናውን ዋጋ ብዙዎቹ ይከፍሉለታል። ቀድሞ ተማሪው ለጌታው ይከፍል ነበር፤ ዛሬ ጌታው ለተማሪው የሚከፍል ሆነ። ስለዚህ የሚያመለክተው ሰው ከቦታው እጅግ ይበዛል፤ በገንዘብ የተዘጋው ደጅ ዛሬ በወረቀት ይጠበቃል ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ማመልከቻው።

አመልካቹ በመጀመሪያ ለተወሰኑ ጥያቄዎች በጽሕፈት ይመልሳል። ይህን ሥራ ስለ ምን መረጥህ? ከብዙ ቤቶች መካከል ይህን ቤት ስለ ምን መረጥህ? ከሌሎች ጋር ሆነህ የፈጸምኸው ሥራ ምንድር ነው? ይባላል። ጽሕፈቱ ካለፈለት የማስተዋል ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያም ከሌሎች አመልካቾች ጋር ለአንድ ቀን ተጠርቶ ሥራ እየተሰጠው ይታያል፥ ከቤቱም ሽርካዎች ጋር ይነጋገራል። አንዳንድ ሕግ ቤት ደግሞ ተማሪውን በዕረፍት ጊዜው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ተቀብሎ ሥራውን ያሳየዋል፤ ጠባዩንም በዚያው ይመረምራል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይነገር፤ ለትምህርት የተነገረ ምሳሌ ነው እንጂ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። በሊድስ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ነበረ። እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን ጋዜጣ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ልጁም ከትምህርት ሲመለስ ጋዜጣውን በየቤቱ ያድላል፥ ደንበኞች በየሳምንቱ የሚከፍሉትንም ሒሳብ በመዝገብ ይጽፋል። ሕግ ተምሮ ማመልከቻ ለመጻፍ በተቀመጠ ጊዜ ግን ሱቋን መጥቀስ አፈረ። ከሌሎች ሰዎች ማመልከቻ ያማሩ ቃላት ለቅሞ፥ ለሥራው ታላቅ ፍቅር እንዳለው፥ ሰውን መምራት እንደሚያውቅ ጻፈ። ያንኑም አንድ ጽሕፈት ለ30 ሕግ ቤቶች ሰደደ፤ በአንዱም ላይ የሌላውን ቤት ስም ሳይለውጥ ቀረ። ከ30ውም አንድ ስንኳ አልጠራውም።

ልጁም አዝኖ ወደ ቀድሞ አስተማሪው ሄደ። አስተማሪውም ጽሕፈቱን አንብቦ፥ «ይህን የጻፈው ማን ነው? አንተን በዚህ ውስጥ አላገኘሁህም» አለው። ልጁም፥ «ስለ እኔ የሚጻፍ ምን አለ ብለው ነው፥ መምህር? ከሱቅ በቀር ሌላ ሥራ አላውቅም» ብሎ መለሰ። አስተማሪውም፥ «እንግዲያው ስለ ሱቁ ንገረኝ» አለው። ልጁም አንድ ቀን ያገኘውን ነገር ተናገረ። አንዲት አሮጊት የከፈልሁት ገንዘብ ዳግመኛ ተጠየቀብኝ ብለው ተቆጡ። እናቱ መዝገቡን አምና ልጇን ደገፈች። እርሱ ግን ሌሊቱን ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቢመረምር ስሕተቱ የራሱ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ ከዚያም ወዲህ ማንኛውም ደንበኛ በከፈለ ጊዜ በመዝገቡ አጠገብ እንዲፈርም አደረገ። አስተማሪውም ይህን ሰምቶ፥ «የሰው ገንዘብ መጠበቅ፥ የተቆጣን ሰው መስማት፥ ማስረጃ መመርመር፥ ስሕተትን ማመን፥ ሁለተኛ እንዳይደገም ሥርዓት ማቆም፤ ነገረ ፈጅ ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?» አለው።

ወጣቱም እንደ ገና ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ 6 ቤቶችን ብቻ መረጠ፤ የእያንዳንዱንም ቤት ሥራ አስቀድሞ አጠና፤ የሱቁንም ነገር እንደ ሆነው አድርጎ ጻፈ። 4ቱ መለሱት፤ 2ቱ ጠሩት። በአንደኛው ቤት ሽርካዎቹ፥ «ስሕተትህን ስለ ምን ጻፍኸው? ብትተወው ማን ያውቅብህ ነበር?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «ስሕተቱን ብተወው ማረሙንም መተው ይሆንብኛል፤ የምመካበት ማረሙ ነው» አላቸው። ያ ቤት ተቀበለው።

አምስተኛ፤ እውነት ስለ ምን ይመረመራል።

በእንግሊዝ አገር ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ወዲያው ሶሊሲተር አይሆንም። ሶሊሲተሮችን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ስሙን በመዝገብ ከመጻፉ በፊት ጠባዩን ይመረምራል። ወንጀል ሠርቶ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ በትምህርቱ ዘመን የሌላውን ጽሕፈት የራሱ አስመስሎ አቅርቦ እንደ ሆነም ይጠየቃል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሶሊሲተር የባለጉዳዩን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ በአደራ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። በማመልከቻው ላይ የዋሸ ሰው በአደራው ላይ እንዳይዋሽ ማን ዋስ ይሆናል? በሰው እጅ ይሁን በኮምፒዩተር የተሠራ የተውሶ ቃል ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ባለቤቱ ፊት ለፊት በተጠየቀ ጊዜ ግን ከአፉ አይወጣም።

ስድስተኛ፤ ለመንደር ተማሪ ቤት የሚጠቅመው ምክር።

በኢትዮጵያም በፍርድ ቤት ደጅ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሥራቸውም ለማይጽፍ ሰው ታላቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ልጅ ስለ ራሱ የሚናገረውን ቃል ከሌላ ሰው ሊገዛ አይገባውም። ስለዚህ አስተማሪ አራት ነገር ቢያስለምድ መልካም ነው። መጀመሪያ፥ ልጁ በሳምንት አንድ ጊዜ የሠራውን አንድ ሥራ፥ የት፥ መቼ፥ እንዴት እንደ ሠራው በአጭር ይጻፍ፤ ከብት መጠበቅም ቢሆን፥ ውኃ መቅዳትም ቢሆን አይፈርበት። ሁለተኛ፥ ከመጻፉ በፊት የሚያመለክትበትን ቤት ሥራ ይወቅ። ሦስተኛ፥ የተመለሰበትን ማመልከቻ አይቅደደው፤ ጉድለቱ የራሱ ወይስ የደጁ እንደ ሆነ ከአስተማሪው ጋር ይመርምር። አራተኛ፥ ይህ ሁሉ ለሴቶች ልጆች ከወንዶች ጋር ትክክል ይሁን።

ለልጆች ምስክርነት የሚሰጡ አስተማሪዎችና ሽማግሌዎችም ያዩትን ብቻ ይመስክሩ። ለሰነፍ የተጻፈ የውሸት ምስክርነት የትጉሁን ልጅ ምስክርነት ዋጋ ያሳጣዋል። በሩቅ የተቀመጠው ሹም ልጁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የመስካሪውን ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማው አንድ ጊዜ ካፈረ፥ ከዚያ መንደር የሚመጣው ልጅ ሁሉ ሳይታይ ይመለሳል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስለ ራሱ እውነቱን መጻፍ የተማረ ልጅ፥ የመጀመሪያው ደጅ ቢዘጋበትም፥ ቃሉን ይዞ ወደ ሁለተኛው ደጅ ሊሄድ ይችላል።