የታመመ ሠራተኛ ቤቱ እንዲቀር ማን ይፈቅድለታል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ቦታ ልማድና ስለ ጤንነታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በገባ ጊዜ በየሥራ ቦታው «ያመመው ሰው ቤቱ ይቀመጥ» ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ሠራተኛ ከመመሪያው ይልቅ የሜናሄል ዓቮዳውን ፊትና ታሉሹን ያያል። አለቃው ራሱ እያሳለ ከመጣ፣ የቀረውንም ሰነፍ ካለ፣ ሠራተኛው ትኩሳቱን በኪኒን አፍኖ ይመጣል። «ለምን መጣህ? ሂድና ዕረፍ» ካለው ግን ሌሎቹም ያንኑ ይከተላሉ።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ በሚባል ከተማ በሚገኝ ትልቅ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞቹ 40 ያህል ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ አማርኛም አንዱ ነው። በ2020 አፕሪል ወር ከሥራ ላልቀረ ሰው 500 ዶላር ጉርሻ እንደሚሰጥ ተነገረ። ኩባንያው በኮሮና ምክንያት የቀረም ያገኛል ብሏል። ነገር ግን ታመው ወደ ቤት ለተላኩት የተሰጠው የመመሪያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። በዚያ የጸደይ ወቅት ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች ተያዙ፤ 4ቱ ሞቱ።

እኛም በእስራኤል ብዙዎቻችን በጽዳት፣ በጥበቃና በፋብሪካ፣ አብዛኛውን ጊዜም በካብላን ሥር እንሠራለን። «ነገ ሌላ ሰው ይተኩብኛል» የሚለው ሥጋት ከይሉኝታ ጋር ተደምሮ አፋችንን ይይዘዋል። ስለዚህ ሕጉን እንወቅ። በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ሰው በየወሩ አንድ ቀን ተኩል፣ እስከ 90 ቀን ድረስ ይጠራቀምለታል። 2ኛውና 3ኛው የሕመም ቀን በግማሽ፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ በሙሉ ይከፈላል። የተጠራቀመለት ቀን ሳያልቅ የታመመን ሠራተኛ ማባረርም በመሠረቱ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን በሕጉ አይከፈልም፤ ኑሮው ጠባብ የሆነውን ሠራተኛ ታሞ ወደ ሥራ የሚገፋውም ይኸው ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገር እናሳስባለን። ያመመው ሰው ከኩፓት ሖሊም ኢሹር ማሐላ ያውጣ። ነባር ሠራተኞች ለአዲሶቹ መብታቸውን ይንገሩ። ቫአድ ባለበት ደግሞ መመሪያው በአማርኛ እንዲጻፍና የመጀመሪያው ቀን እንዲከፈል ተባብረን እንጠይቅ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የኮሮና ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ በሜይ 2023 ማብቃቱ ቢታወጅም ኢንፍሉዌንዛ በየክረምቱ ይመለሳል። በሽታውን የማያስደብቅ የሥራ ቦታ እንዲኖረን ዛሬውኑ እንነጋገር።