ከጓዳ የሚገኝ ቀለም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



ቀይ ሽንኩርት ከመጋዘን ተጭኖ ሲወጣ ወለሉ ላይ የሚቀረው ልጣጭ ተጠርጎ ይጣላል። በረካው ከተጠጣ በኋላም የቡናው አተላ ከጀበናው ይደፋል። ሁለቱም ግን ለተማሪ ልጅ የሥዕል ቀለም ይሆናሉ። ሙያው እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸትና ካረረ እህል ሲያዘጋጁ ኖረዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት እፍኝ ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ሊትር ውኃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ከተጣራ በኋላ ሩብ ያህሉ እስኪቀር በዝግታ ይንተከተካል፤ ወርቅማ ቡናማ ቀለም ይወጣዋል። የቡና አተላም በዚሁ መንገድ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሰጣል። በቴፒ አካባቢ በብዛት የሚመረተው እርድ በሙቅ ውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ ይሆናል፤ የአመድ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ከድስት ግርጌ የተፋቀ ጥላሸት ጥቁሩን ያሟላል።

ቀለሙ ወረቀት እንዲይዝ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። አንድ ማንኪያ የተፈጨ የግራር ሙጫ በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ሟሙቶ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበታል። የእንቁላል አስኳልም ያጣብቃል፤ ነገር ግን እንቁላል ለልጁ ምግቡ ስለሆነ ሙጫው ይመረጣል። ቀለሙ ቶሎ ስለሚሻግት በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ማዘጋጀት ይበጃል።

የዚህ ቀለም ጉድለትም መነገር አለበት። እርድና ቀይ ሥር ፀሐይ ሲያገኛቸው ይደበዝዛሉ፤ ከተጠቀሱት ሁሉ ሳይለቅ የሚቆየው ጥላሸት ነው። ስለዚህ ቀለሙ ለደብተርና ለክፍል ውስጥ ሥዕል እንጂ ለመጋዘን ግድግዳ ወይም ለደጅ ማስታወቂያ አይሆንም። ይሆናል ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

መሠረታዊ ማኅበራት ንጹሕ ልጣጭ በጆንያ አጠራቅመው በአቅራቢያቸው ላለ ትምህርት ቤት ቢሰጡ ወጪው የማጓጓዣ ብቻ ነው። የወረዳ የትምህርት ባለሙያዎችም መምህራኑን ቢያግዙ ሥራው ይቀላል። ሆኖም ፀረ ተባይ የነካው ልጣጭ ለሕፃናት ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። የፈላውን የሚያጣራውም አዋቂ ይሁን።

በመጨረሻም፣ ቀለም ዓይንን ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያውቅ ሰው አደራ አለበት። ገበያ ላይ በርበሬን በሸክላ ዱቄት የሚያቀላ ነጋዴ የሚጠቀመው በዚሁ እውቀት ነው። የማኅበር አባል ግን ስሙን የሚያስከብረው በምርቱ ንጽሕና ነው። ቀለሙ ለወረቀት ይሁን፤ በርበሬው በራሱ ቅላት ይሸጥ።

መልካም በዓል!